ታየች

ኑፍ ሰገነቱ ላይ ቀለም ትበጠብጣለች፤
«ቁሚ» አለች።
ቆምኩ። ሙሐረቅ ከታች በወበቅ ትተነፍሳለች።
የለበስኩት የእናቷን ነው፣ ባለ ብር ጥልፉን አባያ፣
ሐሙስ ሐሙስ ተኩሼ የምሰቅለው፣ በሁለተኛው ማንጠልጠያ።

«እናቴ ለሥዕል አትቆምም፤ ‹ሰው ምን ይላል› ትላለች፤
አንቺ ግን...» ብላ ጀመረች፤
አልጨረሰችውም፣ ተወች።

ሰው ምን ይላል!
እኔ ይቺን ቃል ቦሌ ጥያት የመጣሁ መስሎኝ፣
ለካ ባሕር ተሻግራ፣ በዓረብኛ ጠበቀችኝ።

ስሜም ልብስ ነው እዚህ፤ ደላላው ነው የለካልኝ፤
«ፈውዚያ» ብሎ ፓስፖርት ላይ፣ ሳይሰፋ ሳይጠብ ሰፋልኝ።
አምስት ዓመት ለበስኩት። ሲጠሩኝ «አቤት» እላለሁ፤
ማታ አውልቄው ስተኛ፣ ከሥር የነበረችውን እፈልጋለሁ።

ፊቴን ኑፍ አልሳለችውም። ጥቁር ነው ከላይ እስከ ታች፤
የጨርቁን እጥፋት ብቻ እንደ ማዕበል አወረደች።
እጄን ግን እንዳለ ተወችው፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለውን
የካውያ ጠባሳ ሳይቀር፣ ግማሽ ጨረቃ መሳዩን።

የመክፈቻው ለታ ሮዝ ዩኒፎርም አለበሱኝ፣
ጭማቂ በትሪ እንዳዞር ማናማ ይዘው ወሰዱኝ።
ሰዉ ከፊቴ ተሰበሰበ፣
ከዚያችኛዋ ፊት ማለቴ ነው።
ከጎኗ ግድግዳው ላይ ትንሽ ካርድ ተለጥፏል፤
«ርዕስ የለውም» ይላል።
አንዱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ
«የባሕራችን እናት» አለ።
ሌላዋ «አያቴን መሰለችኝ» ብላ ዓይኗን ጠረገች፣
ሶፍቱን ከትሪዬ አንስታ። አላየችኝም። አለፈች።

ኡም ራሺድ ብቻ ቀረች።
ከጥልፉ ወደ እጁ ወረደች፣ ከእጁ ወደ እጄ ዞረች፤
ደበቅኩት።
የሮማን ጭማቂ አነሳች፣ ሳትጠጣው ይዛው ቆመች።

ስንመለስ፣ ድልድዩ ላይ፣ ከፊት ወንበር ሳትዞር፦
«እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማነው?»
አፌ ደረቀ፣ እንደ ሌባ።
«ታየች።»
«ታየች» አለች። እዚህ አገር «ች» አላቸው፤ አልሰበረችውም።
ፍቺውን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ሐሙስ አባያውን ስተኩስ እጅጌው ላይ ቀለም አገኘሁ፣
ነጭ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፤
አሸሁት፤ ብዙም አላሸሁት።
ዓርብ ለብሳው ወጣች፣ ከነነጠብጣቡ፣ በጠራራ ፀሐይ።
ሰው ምን እንዳለ አልሰማሁም።