አራት ጣት

መኪናዋ የአባት ናት፣ የሃምሳ አራት ሞሪስ፣
ጠዋት ስትቀሰቀስ እንደ ሽማግሌ የምታስነጥስ።
ኔሊዳ በገመድ አስጎትታ እደጄ አቆመቻት፤
«ወንበሮቿን አድስልኝ፤ ቁመታቸው ግን እንደ ጥንት።»
ቀላል ነው አልሁ በልቤ። ፍራይ ቤንቶስ ውስጥ ከኔ በላይ
ወንበር የሚሰፋ ካለ ይምጣና ልይ።

ግማሽ ኢንች ቁልፌን ይዤ አራቱን ብሎን አጠበቅሁ፣
ገባሁ፣ በሩን ሳብሁ፣ ተቀመጥሁ፤
ጣራው አናቴን ገጨኝ፣
መሪው ጭኔን ተጫነኝ፣
የመስተዋቱ የላይ ጠርዝ መንገዱን ከወገቡ ቆረጠው፤
የቀረልኝ ኮፈኑ ነው፣ ዝንብ ያረፈበት፣ ፀሐይ የላሰው።

አዲስ ስፖንጅ ትዕቢተኛ ነው፤ ሸክም ገና አልለመደም።
አሮጌው የፈረስ ጭራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የአንድ ሰው ዳሌ ሲያደምጥ ከርሞ፣
ጎድጉዶ፣ ልኩን አውቆ፣
ደግሞ ዝም።

የፋብሪካውን መጽሐፍ ገለጥሁ። ከወለል እስከ ትራስ ቁጥር አለው።
የማን ወገብ? የማን አንገት? ያንን የት ጻፈው?
እንግዲህ የአባቴ ደንብ ይሻላል፤ እጅ ካለ ሜትር አይጠፋም፦
ከጸጉር እስከ ጣራ አራት ጣት፣
ከጭን እስከ መሪ አንድ ጡጫ፤
የፊቱ ጠርዝ በትንሹ ከፍ፣ ጉልበት እንዲደገፍበት፣
የኋላው ዝቅ፣ ፍሬን ሲያዝ ሰው እንዳይንሸራተት።

ሮንዴላ ጨመርሁ። ሮንዴላ ቀነስሁ።
ከስፖንጁ ሆድ በቢላ አንድ ጣት ሙሉ ሸረፍሁ።
ስድስቴ ገባሁ፣ ስድስቴ ወጣሁ።
ዋልዴማር ከደጅ ተቀምጦ፣ መራራ ማቴውን በቧንቧ እየመጠጠ፣
«ለሬሳ ሣጥን እንኳ ይህን ያህል አይለካም» ብሎ አላገጠ።

በሰባተኛው ኔሊዳ ገባች። እግሯ ፍሬኑን አገኘ፣ ዓይኗ መንገዱን።
«ይኸው» አለች። ሌላ አላለችም።
ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ፦ «ያኛውንስ?»

ያኛውን ማን ይለካል? የተሳፋሪ ነው፤ አይነዳ፣ አይፈርድ።
በዚያው ቁጥር ልገጥመው አሮጌውን ሃዲድ ሳነሳ፣
ከዝገቱ በታች
አራት እንጨት።
የማቴ ሣጥን ጣውላ፣ በመጋዝ የተቆረጠ፣ በሞረድ የለሰለሰ፣
በአንዱ ላይ ግማሽ ፊደል፣ የቀረው በዘይት የተለወሰ።
መጽሐፉ አያውቃቸውም።

ኔሊዳ አንዱን በመዳፏ ይዛ ቆየች።
«እናቴ አጭር ነበረች» አለች፤
«እሁድ በወንዙ ዳር ስንነዳ የበሩ ጠርዝ ውሃውን ይጋርድባት ነበር፤
የምታየው የዛፍ ጫፍ ነው። ተናግራም አታውቅ።
አንድ እሁድ ግን ድንገት፣ ‹ዛሬ ወንዙ ሞልቷል!› አለች።
አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣
‹አዎ፣ ሞልቷል› አላት።»

ከአራቱ አንዱ በስብሷል። ምትኩን
ከዋልዴማር ሣጥን ክዳን ቆረጥሁ፣ እሱ ሲያንቀላፋ።
ማታ፣ ማንም ሳይኖር፣ በጎን በር ገብቼ ተቀመጥሁ።
ጣራው አናቴን ገጨኝ።
አንገቴን ሰበር አድርጌ በመስኮቱ አየሁ፤
ወንዙ ሞልቶ ነበር።