የአስተርጓሚዋ ፈረቃ

ቤከርስፊልድ። ነሐሴ። ዝናብ የማያውቅ ወር።
የለውዝ ዛፍ ሲናጥ የሚነሣው አፈር
በመስኮት ሾልኮ፣ ሆስፒታል ገብቶ
ከሰው ጋር ይተኛል፣ አልጋ ተጋርቶ።

ኤውሎሂዮ ይባላል። አርባ አንድ ዓመቱ።
ዛፍ ነቅናቂ ማሽን ይነዳል፤ ከፊቱ
አፈር፣ ከኋላው አፈር። ከአፈሩ ጋር የሳበው
ሻጋታ ነው፣ ዓይን የማያየው፣
ደረት ውስጥ እንደ ፍሬ አብጦ የሚፈነዳ፣
መቶ ልጅ የሚበትን በሰው ጓዳ።

እኔ ፊሎሜና ነኝ። የሚሽቴክን ቋንቋ
ይዤ ቆሜአለሁ፣ በሳሉና በሲቃ
መካከል።

ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግታ
«ቀንሷል» አለችኝ፣ «የገባው ሻጋታ።
አሁን ሳንባውን ይዞ የሚያቃጥል
የራሱ ነጭ ሕዋስ ነው፤ ሊከላከል
መጥቶ፣ መርዝ ረጭቶ፣ በጭፍን ሲዋጋ
የአየር ከረጢቱን በፈሳሽ የዘጋ።
ንገሪው።»

ንገሪው! በምን አፍ?
ለ«ሕዋስ» ቃል የለኝ። ለ«መከላከያ»
አጥር ነው የማውቀው፣ የማሳ መጠበቂያ።
እንዴት ይባላል ለሰው፣ ትንፋሹ ላጠረው፣
«የሚጠብቅህ ነው ደረትህን የሰበረው»?

«ደምህ ውስጥ» አልኩት፣ «ዘቦች አሉ። ሌባ
ሲባል ይሮጣሉ። ሌባው የት እንደገባ
ግን አያዩም፤ ጨለማ ነው። እና...»

«ችቦ ይዘው ገቡ» አለ፣ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ።
ሳቀ። ሳል ሳቁን ከግማሽ ቆረጠው።

«ልጅ ሳለሁ ሌባ ገባ ተብሎ ከበቆሎ እርሻ
ወጣን ከነችቦው፣ ከነገጀራው፣ ከነውሻ።
ነፋስ ነበር። ሌባው በገደል አመለጠ፤
የዓመቱ በቆሎ እንደ ሰም ቀለጠ።
አባቴ አመዱ ላይ ተቀምጦ ያለው
አንድ ነገር ነበር፦ ‹ማነው የለኮሰው?›
ሁላችንም ነበርን።»

ይህን ለሐኪሟ ምን ብዬ ልመልስ?
«ገብቶታል» አልኳት፣ ብቻ፣ በለሆሳስ።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ለሻጋታው፤
አንዱ ለዘቦቹ፣ ትንሽ፣ ቁጣቸው
እንዲበርድ። ከበዛ ይተኛሉ፤
ከተኙ ደግሞ ሌባው መንገዱን ያውቀዋል።
«ትንሽ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገምኳት።

ልወጣ ስል ጠራኝ፣ ደረቱን በጣቱ ነክቶ።
«እንዳትቆጣቸው ንገሪያት» አለ።
«የቤቴ ልጆች ናቸው።
መብራት አልነበረም።»

ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩላት።