አራት ሰከንድ

በሳስካቿን ሜዳ፣ ሰማይ በሰፋበት፣
ምድር እንደ ሰሌን በተዘረጋበት፣
ብራንዌል አለች፤ አሥራ አንድ ቤት፣
በሩ የታሸገ አንድ ፖስታ ቤት፣
አንድ የእህል ጎተራ፣ ጣውላ የለበሰ፣
ሐዲዱ ተነቅሎ፣ እሱ ያልፈረሰ።

ቲልዳ ፍሪሰን መጣች፣ መኪናዋ አቧራ፣
ከኋላ ወንበር ላይ የእንጨት ካሜራ፣
እንደ ሕፃን ልጅ በቀበቶ የታሰረ።
ባለሦስት እግሩን ከማሳው ዳር ተክላ፣
ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ገባች ከጥላ።
ከመስታወቱ ላይ ጎተራው ተገልብጦ፣
እንደ ሌሊት ወፍ ታያት፣ በእግሩ ምድር ጨብጦ።

«ቆንጆ ነው» አላለችም። ጠበቀች።
ብርሃን እንደ ባለዕዳ ነው፣ ይቀጥራል፣
ይቀጥርና ይቀራል።
መጀመሪያው ቀን ፀሐይ አናት ላይ አፈጠጠች፣
ጥላውን ሁሉ ላሰች።
በማግሥቱ ነፋስ ጥቁሩን ጨርቅ ወሰደ፣
እሷ ስታባርረው ደህናው ሰዓት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ኦረስት መጣ፣ በትሩን ተመርኩዞ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው የኖረ ሚዛን ይዞ፣
ስንዴ በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቱን የሚለይ፣
የሰውን ዓመት፣ ደጉንም ክፉውንም፣ በመዳፉ የሚያይ።

«ከዚህ ምን ታነሺያለሽ? ይኼማ ፊቱ ነው፤
ፊት እንደሁ ለሬሳም ይታጠባል፣ ምን አለው?
ወደ ምዕራብ ዙሪ፣ ፀሐይ ቀለሙን ወደ ላጠው፣
የሐምሌ በረዶ እንደ ፈንጣጣ ወደ በላው።
እኛ የኖርነው በዚያ በኩል ነው።»

ሣጥኗን ተሸክማ ዞረች። ቃል አልመለሰች።
ማምሻውን ከደመና ሥር አንዲት ጮራ ሾለከች፣
በአግድም መጥታ ጣውላውን ዳሰሰች፤
የጠፉ ፊደላት ከእንጨቱ ተነሡ፣
የከሰረ ኩባንያ ስም፣ ግማሹ።
«አራት ሰከንድ» አለች፣ «እንዳትነቃነቅ!»
ኦረስት ግን፣ ልማድ ነው፣
መቆለፉን ሊያይ ሄደ፣
ከርግብ በቀር ምንም የሌለበትን በር።

ኅዳር ላይ ማሽን መጣ። ሰው ከየመኪናው ወርዶ፣
በቴርሞስ ሻይ ይዞ፣ አንድ እጁን በኪሱ ሰዶ፣
ቆሞ አየ። ጎተራው እንደ ደከመ በሬ ዘመም ብሎ
ወደቀ፤ ብናኝ ተነሣ፣ የሰባ ዓመት ስንዴ፣ ፀሐይን ከልሎ።
የሮጡት አይጦቹ ብቻ ናቸው።

ቲልዳ በዚያው ሳምንት፣ ሳስካቱን፣ ምድር ቤቷ፣
ቀይ አምፖል አብርታ፣ እጇ ከነጓንቷ፣
ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ውሃ ነከረች።
መጀመሪያ ጣሪያው ብቅ አለ፣ ጠቆረ፣
ቀጥሎ ግድግዳው፤ ምስማሩ ተቆጠረ።
የወደቀው ሁሉ ከሳህን ውስጥ ቆመ።
ከበሩ አጠገብ ያለውን ስታይ ፈገግ አለች።
ልታጠፋው ትችል ነበር።
ተወችው።

በጸደይ፣ ሬጂና፣ ነጭ ግድግዳ ላይ
ፎቶው ተሰቀለ፤ ሰው ብርጭቆ ይዞ መጣ ሊያይ።
«ዝምታው!» አለ አንዱ። «መስመሩ!» አለች ሌላዋ።
ኦረስት ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫቱ ሊያንቀው፣
ትንፋሹ መስታወቱን ጉም እስኪያለብሰው ቀረበ፣
ምስማሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፤
ያችን ራሱ መትቶ ያጣመማትን አወቃት።
ከበሩ አጠገብ ግን ጢስ የመሰለ ነገር፣
የሰው ቁመት ያለው፣ ከእንጨቱ ላይ ነበር።
«ይኼ ጉድፍ ምንድነው?»
«አንተ ነህ» አለችው፣ «አትነቃነቅ ብዬህ ነበር።»

የቆመው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ዛሬ ግን የለም።
የተነቃነቀው ጢስ ሆኖ ቀረ፤
ጢሱ ይኸው፣ መነጽሩን በክራቫቱ ይወለውላል።

«በሩስ?» አለችው ቆይታ። «ተቆልፎ ነበር?»
ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።
«እንጃ» አለ፤
መነጽሩን አደረገና
ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ደግሞ ሊያይ።