መቀናጆ

ከልብስ እጥበት ቤቱ በላይ፣ ረሖቮት ሦስተኛ ፎቅ፣
አራት ሆነን የምንሠራ፣ በሰው እንፋሎት የምንሞቅ፣
አምስት ዓመት ባንድ ጨዋታ፣ ባንዲት ልጅ፣ በብርቱካን ዛፍ፣
ጆሮዋን ግንዱ ላይ ጥላ፣ ደርቆ እንደሁ ሰምታ የምታልፍ።

ዲማ ኮዱን ይጽፋል፤ ኖጋ ቅጠል ትስላለች፤
አስናቁ ሒሳብ ይዛ፣ ያልመጣ ገንዘብ ትቆጥራለች፤
እኔ ድምፅ ለቃሚው ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት ማይክ ይዤ፣
የመስኖ ቱቦ ሲያስነጥስ፣ እቀዳለሁ ጭቃ ላይ ፈዝዤ።

ማክሰኞ ሰውዬው መጣ፣ ከማጫወቻ ሠሪው ድርጅት፣
ጫማው ድምፅ የማያሰማ፣ ፈገግታው የተለካበት።
"አይተነዋል፤ ግሩም ነው" አለ፤ ወረቀቱን ዘረጋጋ፤
"ለእኛ ብቻ እንዲሆን ነው፤ ደህና አድርገን በደህና ዋጋ።"

ብቻ።
ቃሏን ድምፅ ለቃሚው ጆሮዬ ያዛት፤
ሁለት ፊደል ናት፣ መሐሏ ግን በር አላት፦
በአንድ በኩል "የኛ እንጂ የማንም"፣
በሌላው በኩል "አጠገቤ ሰው የለም"።

የእህቴ ልጅ ኢታይ አለ፤ አፉላ ነው የሚኖር፤
ለልደቱ የተገዛለት፣ የባላንጣው ድርጅት ነበር።
"መቼ ያልቃል?" ይለኛል፣ ዓርብ ቀትር ላይ እየደወለ፤
"አልቋል፣ ላንተ ግን አይደለም" የሚል አጎት የት አለ?

ማታ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ፤ ዘበኛ ነው አባቴ፣
የመንገደኛ ቦርሳ ፈታሽ። ነገርኩት ከነጭንቀቴ።
ዝም አለ። አንድ ወታደር አሳለፈ። ከዚያ፦
"አንድ በሬ ነበረኝ፤ ቸኮልም እንደኔው አንድ ብቻ፤
መቀናጆ ገባን እንጂ፤ የበሬና የበሬ ጋብቻ፤
አንድ ቀን ለኔ፣ አንድ ቀን ለሱ፣ በጭቃ በዝናብ አርሰን፣
ወረቀት አይደለም፣ ቀንበሩ ነው ያወዳጀን፣ ያሰረን።
የዳጉሳው ነዶ ሲከመር፣ ሌላ ነጋዴ ቢመጣ፣
እርፍ ያልጨበጠ እጁ፣ ምን ብሎ ይገባል ከዕጣ?"

ቀና አለ። "ጫማው ድምፅ የሌለውን፣
አመሻሽ ላይ ሲሳፈር ፈትሼዋለሁ፤
ብዕር፣ ወረቀት፣ ከረሜላ፣ እስከ ታች ድረስ አይቻለሁ፤
በሬ ግን አላየሁበትም።"

ሐሙስ ሰውዬው ተመለሰ። ዋጋውን ጨምሮ መጣ።
አስናቁ ዓይኗን አፈጠጠች፤ እኔ ግን ቃሌ ወጣ፦

"ላንተ ብቻ የሚሆን ጨዋታ፣ በአዝመራ ሰሞን አይሸጥም፤
በጨረታ የመጣ ፍቅር፣ በጨረታ ቢሄድ አይደንቅም።
በዘር ጊዜ ና፤ ኮዱ ሲደናበር፣ ዛፏ ገና ሳትበቅል፣
ኖጋ ሦስት ወር የሳለችውን፣ ቅጠል ቀዳ ስትጥል።
የኪራዩን ቀን አብረህ ተጨነቅ፤ የማሽንህን ሆድ ክፈትልን፤
መሐንዲስ ላክ፣ ሲበላሽ አብሮን የሚያመሽልን፤
'ገና ነው' ስንልህ ደግሞ፣ 'ገና ይሁን' የሚል አንጀት፤
ያኔ ጨዋታው ራሱ፣ ያንተን ደጅ ይለዋል ቤት።
የሚቀጥለውም። ከሱ የሚቀጥለውም።
ካልሆነ ምርቱን ትገዛለህ፤ ማሳውን አይደለም።"

"ስንት ጊዜ?" አለ። "ሦስት ክረምት።"
ጻፈ። ሰረዘ። መልሶ ጻፋት።

ስለ ኢታይ አልነገርኩትም፤ እሱ በየትኛው ውል ይገባል?
መቀናጆም ቢሆን እኮ፣ ከአጥሩ ውጭ ልጅ ይቀራል።
በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ማለት፣ ወግም ነው፤ ሁለት ሰው ይሻል፤
ለብቻው የሚጫወትን ሰው፣ መንገደኛው ሸሽቶ ያልፋል።

ደብዳቤ እስካሁን አልመጣም። ታች ማጠቢያው ይዞራል።
ዓርብ ነው፤ ቀትር ሆኗል። ስልኩ ይጮኻል።
ዲማ ሳይዞር፣ "አንተ አንሳው" ይላል።