መስመሩን አትለፉ

ሃይፋ፥ ሦስተኛ ፎቅ፥ ከመስኮቱ ግራ፥
ቆሞ መዋል ነው የኔ ሥራ።
ወለሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ፤
ስንቱ ጎብኚ ሳያየው ዘለለ!
«መስመሩን አትለፉ» እላለሁ በዝግታ፥
ቀን በዕብራይስጥ፥ በልቤ በአማርኛ ማታ ማታ።

ከመስመሩ ወዲያ ሸራው ተሰቅሏል፤
መቶ ዓመት አልፎታል፥ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል።
አንድ ጥቁር ክብ፥ ጥቂት ያዘነበለ፥
ከሥሩ ቀይ መስመር፥ ሊወድቅ ሲል የዋለለ።
ሌላ ነገር የለም። ሰው የለ፥ ከብት የለ፥ አንዳች የሚታይ፤
ገና ያልተለየ ምድር ከሰማይ።

ተማሪዎች በጫጫታ ይገባሉ፤
«ይህንማ እኔም እሠራዋለሁ» ይላሉ፥
ሳቅ በሳቅ ሆነው ያልፋሉ።
አልፈርድባቸውም። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፥
በመጀመሪያው ሳምንት፥ እግሬ አብጦ፥
ከጥቁረቱ በቀር ምንም ሳይታየኝ ስቀር።

ፊማ፥ የፈረቃ ጓዴ፥ የቪቴብስክ ሰው፥
ባገሩ ድልድይ ነዳፊ፥ እዚህ እንደኔው ዘብ የቆመው፥
ሻዩን እያማሰለ አወጋኝ አንድ ቀን፦
«አያቴ ልጅ ሳለች፥ በዚያ በረሃብ ዘመን፥
ሠዓሊዎች መጥተው ግንቡን፥ ትራሙን፥ የሱቁን በር
ክብ በክብ አደረጉት፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ፥
ዳቦ ብንጠብቅ፥ ትል ነበር፥ የመጣልን ሦስት ማዕዘን።
አንዱ ደግሞ ጥቁር ሸራ ይዞ
ሥዕለ አድኅኖ ከሚሰቀልበት ጥግ ላይ ሰቀለው።
ሰዉ ሊሳለም ቀና ቢል፥
ማንም የለ።
አየሽ፥ ከዚያ ወዲያ ሥዕል መስኮት መሆኑን ተወ...»
የቀረውን በሩሲያኛ ጨረሰው፤ አልገባኝም።

ማታ ከሥራ ስወጣ ከተማዋን አያለሁ፦
ቀርሜሎስ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ሣጥኖች፥
የወደቡ ክሬን፥ ቀይ፥ ባሕሩን ለሁለት የሚከፍል፥
የአውቶቡሱ ማቆሚያ ቢጫ ክብ።
ያ የሞተ ሰው፥ እላለሁ፥ ሳያየው
ስንት አገር ሠርቷል።

ክቡን ግን ከሱ አልተማርኩም።

አምቦበር፥ ከቤታችን ቁልቁል፥ ከወንዙ በላይ፥
የደም ጎጆ ነበረ፤ ዙሪያው ድንጋይ።
እናቴ ቀኗ ሲደርስ እዚያ ትገባለች፤
እኔ፥ የአምስት ዓመት ልጅ፥ እህሏን ይዤ እወርድና
ድንጋዩ ጫፍ አስቀምጬ
ወደኋላ እላለሁ።
እጇ ከክቡ ይወጣል፤ የኔ አይገባም።
አጥር የለው፥ ግድግዳ የለው፤
ጥጃ ይዘለዋል፥ ነፋስ ያልፈዋል፥
እኔ ግን ቆሜ አያታለሁ።
ያን ድንጋይ የደረደሩት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።
ሠዓሊ ያላቸው የለም፤ ስማቸው
በትንሽ ወረቀት ከጎኑ አልተለጠፈም።

የተቀረጸ ምስል አታድርግ ተብለን ያደግን ነን፤
በጸሎት ቤታችን ዓይን የሚያርፍበት ፊት አልነበረም።
ለዚህ ነው መሰለኝ፥ ሌላው ባዶ ያለውን ሸራ
እኔ ሰው ያለበት ቤት አድርጌ የማየው፤
አንኳኩቼ የምጠብቅ ይመስለኛል።

አንድ ማክሰኞ ሳይረኑ ጮኸ።
ሕዝቡን ወደ መጠለያው አወረድን፦
አራት ማዕዘን፥ ሲሚንቶ፥ መስኮት አልባ።
ከሳቁት ልጆች አንዲቱ፥ ጥርሷ በብረት የታሰረ፥
በጣቷ ወለሉ አቧራ ላይ ክብ ሠራች፤
ገብታ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።
ማንም አላስተማራት። ማንም አልረገጠባትም፤
በዚያ ሁሉ ግፊያ ሰዉ ዙሪያዋን ዞሮ ሄደ።

ሲያባራ ቀድሜ ወጣሁ።
ሸራው እንደነበረ ነው፥ ጥቂት አዘንብሎ።
ከሱ ጋር ነጩ መስመር ላይ ቆምኩ፥
አንድ እግሬ ወዲህ፥ አንድ እግሬ ወዲያ፥
ካሜራው እያየኝ።

ፊማ መጣ። የደም ጎጆውን ነግሬው አላውቅም።
ሻይ ይዞልኝ ነበር፤
ፈሳሽ ከመስመሩ አያልፍም፥ ደንብ ነው፤
ብርጭቆውን ጫፉ ላይ አስቀመጠና
ወደኋላ አለ።