ገባሁ

ሐሙስ ማታ ዓራድ ገባን፣ ሦስት ሰው በገናዲ ቫን፤
የፊት ጎማችን የሰው ገንዘብ።
እህቴ ወርቂት ሰዓት ያዥ፤ ገናዲ፣ መፍቻው በጥርሱ፣
«ሰባተኛው መታጠፊያ አሸዋ አለው፣ ቀስ» ይላል እሱ።

አርብ አቧራ ተነሥቶ ውድድሩ እስከ አሥር ሰዓት ዘገየ።
ሰባተኛው ላይ ቀስ አላልኩም፤
ጉልበቴ አስፋልቱን ላሰ፣
በመጨረሻው ዙር ሰንሰለቴ ተበጠሰ።

ወረድኩ። ገፋሁ።
ላቤ ጫማዬ ውስጥ ተንቦጫረቀ።
ወርቂት ሰዓቷን ትታ ፀሐይዋን ታያለች፤
መስመሩን ሳልፍ ሰንበት ገባች።
እኔም ገባሁ፣ መጨረሻ።

ገናዲ የሰው ጎማ ሊመልስ ይፈታል።
እናቴ ስልኳን አጥፍታለች፤
ነገ ማታ፣ ሦስት ኮከብ ሲታይ፣ እደውላለሁ።
«ስንተኛ ወጣህ?» አትልም፤
«በሰላም ገባህ ወይ?» ነው የምትለኝ።
ገባሁ፣ እምዬ።