አሥራ ስምንት ሺህ

በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ዳግም ተማሪ ሆንኩ፣
በነጭ በትሬ ጫፍ ደረጃ እየቆጠርኩ፣
ኒጋታ፣ ሆስፒታል፣ አራተኛው ፎቅ ላይ
ከኋላ ወንበር ሥር ቦርሳዬን አሳረፍኩ።
ውጭ በረዶ ይጥላል፤ በዝምታው አውቃለሁ፣
ከተማው ጥጥ ጎርሶ ሲያወራ እሰማለሁ።

ዶክተር ሚዙኮሺ ይባላል አስተማሪው፣
ሠላሳም አይሞላ ድምፁን ለሚሰፍረው።
እኔ በመርፌዬ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ፣
የአጥማጆችን ወገብ፣ የገበሬን ጉልበት በጣቴ ያነበብኩ፣
«ይህ ልጅ ምን ሊነግረኝ!» ብዬ ነበር በልቤ፤
እውነቱን ልናገር፣ ትዕቢት ነበር ቀለቤ።

ትምህርቱ ግን ሌላ።
የት እንደሚወጋ ማንም አልጠየቀኝ፣
መቼ እንደማይወጋ፣ እሱ ነው ያስጨነቀኝ።
የነጭ ህዋስ ቁጥር፣ የኬሞ ቀን ስሌት፣
ጡቷን ያጣች ሴት ክንድ፣ የተከለከለ ቤት፣
ከደረት ቆዳ ሥር የተቀበረ ቱቦ፣
ከሐኪም ከነርስ ጋር አንድ መዝገብ ከብቦ
በማያውቁት ቋንቋ መነጋገር፣ መስማማት፣
ሳያፍሩ «አላውቅም» ማለት።

ከሳዶ ደሴት የመጣችው ልጅ በቀለም ትጽፋለች፣
ስትሳሳት ትሰርዛለች።
እኔ በብሬል እጽፋለሁ፣
ነጥብ በነጥብ ወረቀቱን እወጋለሁ፤
ስለ አለመውጋት፣ እየወጋሁ እማራለሁ።
«ፕላትሌቱ ወርዶ ከሃያ ሺህ ካነሰ
መርፌው ይቀመጣል።»
እጄ ጻፈ፤ ልቤ አልደረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ታማሚዎቹ ወረድን።
ኢሶጋይ ይሉታል፣ ጀልባ አናጢ ነበረ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ከዝግባ ጋር የተማከረ፤
ካንሰሩን የሚያሳድደው መድኃኒት በመንገዱ
የጣቶቹን ጫፍ አብሮ የቀበረ።
«ቁልፌን መቆለፍ እንኳ» አለኝ «ተሳነኝ፤
ሚስማር ከክር መለየት፣ ይኸው ቸገረኝ።
ያንቺ ጣት ያያል አሉ፤ የኔ ጣት ታወረብኝ።»
ሳቅን። ነርሷ ብቻ አልሳቀችም።

እጁን ያዝኩት። ከአውራ ጣቱ ግርጌ
ያቺ ጎድጓዳ ስፍራ፣ የድሮ ወዳጄ፣
«ግቢ» አለችኝ። መርፌዬን አዘጋጀሁ፤
እንደ ተማርኩትም፣ የጠዋቱን የደም ውጤት ጠየቅሁ።
ነርሷ አነበበች፦
«አሥራ ስምንት ሺህ።»

ሁለት ሺህ ምንድን ነው? በጣት አይዳሰስ፤
ትርታው ደህና ነው፣ ቆዳውም ለስለስ።
ድንገት የወይዘሮ ታዙሩ ድምፅ መጣ፣
ከዓመታት በፊት ከቤቴ ስትወጣ፦
«ክንዴ ጠቁሯል፣ ሰፍቷል።»
እኔ ምን አልኳት? «ያልፋል።»
ያላየሁት ጥቁረት፣ ያልጠየቅሁት ቁጥር
በስንት ሰው ላይ አልፏል?

መርፌውን መለስኩት።
ከቦርሳዬ ሆድ ውስጥ አንዲት ዘንግ አወጣሁ፣
ጫፏ የዶለዶመ፣ ቆዳ የማትበሳ፣
«ለሕፃን ናት» ብዬ የተውኳት እንድትረሳ፤
በጎድጓዳዋ ላይ በዝግታ አሳረፍኳት፣
ደጅ እንደሚጠና ሰው፣ ሳትገባ አቆምኳት።
«ይሰማዎታል?» አልኩ።
«ምንም» አለ። ቆየ።
«ግን አታንሺው።»

ሚዙኮሺ ዝም አለ። ከአልጋው ማዶ
የብዕሩ ጫፍ ወረቀት ሲነካ ሰማሁ።
ከዚያ ስሜን ጠየቀ፣ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
ሆስፒታል መዝገብ ላይ ያልሰፈረው ስሜ
ዛሬ ሰፈረ፤
ስለ ሠራሁት ሳይሆን፣ ስለ ተውኩት ነበረ።

ማታ ክፍሌ ውስጥ፣ በረዶው ሲያቆም፣
ወረቀቴን ዘርግቼ
ደጋግሜ ወጋሁት፤ አንዲት ቃል ወጣች፦
«አልወጋሁም።»